የእቴጌዋ ስጦታና የሐራ ቅሬ

በወሎዋ ሐራ ሐዘን የገባበትን ቤት ለማግኘት መጠየቅ አያሻም፤ ሴቶቹን መከተል ነው። አንዷ ከቤቷ የጋገረችውን እንጀራ በሰፌድ ደርድራ በነጠላ ሸፍናለች። ሌላዋ ቢጫ ጀሪካን አዝላ ጎንበስ ብላ ትራመዳለች። ከኋላ ልጆች የቅሬውን፣ የሰፈሩን የለቅሶ መረዳጃ ማኅበር፣ ብረት ድስት ግራና ቀኝ ይዘው ይመጣሉ። ድስቱ ከሌላ ሰፈር ድስት ጋር እንዳይቀላቀል የሰፈሩ ስም በቀይ ቀለም ጎኑ ላይ ተጽፎበታል። ሟቹ እስላም ይሁን ክርስቲያን የሚለየው በጉ ሲታረድ ብቻ ነው፤ ሽንኩርት የሚከትፉት፣ ቡና የሚያፈሉት፣ እቃ የሚያጥቡት እነዚያው ሴቶች ናቸው።

ከእነዚህ መካከል አንዷ የባለሥልጣን ሚስት ናት እንበል። ተራዋ ሲደርስ እሷም ትከትፋለች። ከቀረች የቅሬው ጸሐፊ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርግባታል፤ በወሩ ስብሰባ ቅጣቷን ትከፍላለች። መዋጮዋ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስምም። ባሏ ቢሾም ወይም ቢሻር መዝገቡ ላይ የሚሰረዝ ነገር የለም። የወሎ ሰው ለጋስነትን ከሰው ፊት አይቶ አይለካም ለማለት አይደለም፤ ይለካል፣ ያማልም። ቅሬ ላይ ግን ስጦታና ግዴታ አንድ መዝገብ ላይ ስለሚሰፍሩ ሰጪዋ ከፍ ብላ የምትታይበት ሰገነት የለም።

ይህን ያነሣሁት የሹማምንት ሚስቶችን በጎ አድራጎት የምመዝንበት ሌላ ሚዛን ስላጣሁ ነው። ስለነሱ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ውዳሴ ነው ወይ ሐሜት። ውዳሴው የምረቃ ሪባን ሲቆረጥ ይጀምርና ሪባኑ መሬት ሲወድቅ ያልቃል። ሐሜቱ ባልየው ከወንበር እስኪወርድ ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል ግን የሚጠየቅ ነገር አለ፤ የተሰጠው ነገር ከሰጪዋ በኋላ የማን ሆነ? ማን ይዞታል? ሲጎድልስ ማን ይጠየቃል?

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ታሪክ ከሐራ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ወደ መርሳ ወጥቶ የደሴን አስፋልት ወደ ደቡብ የያዘ ሰው ውርጌሳን አልፎ ውጫሌ ሲደርስ አምባሰል ገብቷል። እቴጌ መነን አስፋው መጋቢት 25 ቀን 1883 ዓ.ም. የተወለዱት በዚሁ በአምባሰል፣ እጓ በተባለ ቦታ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ልብ ይሏል። የውጫሌ ውል ከተፈረመ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ አገሩም ክፉ ቀን ብሎ በሚጠራው ረኃብ መካከል ነበር። የከብት ደስታ የሚሉት በሽታ በሬውን ጨርሶ፣ የሚያርስ ጠፍቶ፣ ከሞት የተረፈው ሰው ሥራ ሥር እየቆፈረ ሲበላ ነው ሕፃኗ የመጣችው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው የአምባሰል ገዥ ነበሩ፤ ጃንጥራር የሚለው ማዕረግ ደግሞ የአምባሰል ብቻ ነው፣ ሌላ አገር ጃንጥራር የለም። እናታቸው ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል ከመጠመቃቸው በፊት ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ እንደነበር ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም። ስለዚህ መነን በአንድ ገላ ውስጥ የወሎን ሁለት ሃይማኖት፣ የአምባንና የሜዳን ሹመት፣ የቤተ መንግሥትን ቅርበትና ፍርሃት ይዘው ነው ያደጉት።

የጋብቻቸው ታሪክ ብቻውን አንድ ሐተታ ይወጣዋል። ገና ልጅ ሳሉ ቤተሰብ ለአንድ ባላባት ዳራቸው። ተፋቱ። ሁለተኛው ባላቸው ሞቱባቸው። ከሁለቱም ልጆች ወልደዋል። ሦስተኛው ራስ ልዑልሰገድ አጥናፍሰገድ ነበሩ፤ ያ ጋብቻም ሳይከርም ፈርሶ በሐምሌ 1903 ዓ.ም. የሃያ ዓመቷ ወይዘሮ መነን ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ተዳሩ። ያኔ ወይዘሮ ማግባት ማለት አገር ከአገር ማስተሳሰር ነበርና ሴቲቱ እንደ ውል ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ትተላለፋለች።

አምስት ዓመት ቆይቶ ውሉ በደም ተቀደደ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ የተገደሉት የሸዋ አዝማች እኒያው ራስ ልዑልሰገድ ናቸው፤ የመነን የቀድሞ ባል በአያታቸው ጦር ተገደሉ ማለት ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። ያሸነፈው ወገን አልጋ ወራሽ ያደረገው የመነንን ባል ተፈሪን ነው። ለቅሶ ቢቀመጡ ለማን ያልቅሱ? ደስ ቢላቸው በማን ይደሰቱ? በዚያ ሰሞን ቤተ መንግሥት ውስጥ የተናገሩት ቢኖር መስማት በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ ግን በሕይወታቸው ሁሉ ስለ ፖለቲካ በአደባባይ ሲናገሩ ብዙ አልተሰሙም፤ እጃቸውን የሚዘረጉት በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤትና በድኻ በኩል ሆነ። ሰዎች ይህን ጨዋነት ይሉታል። እኔ ጥበብም ይመስለኛል። የእናት ወገኗ የተሸነፈባት፣ የባል ወገኗ የነገሠላት ሴት መናገሪያዋ ስጦታ ቢሆን አይገርምም።

ከእርሳቸው በፊት የነበሩት እቴጌ ጣይቱ በዚህ አይመስሏቸውም። ጣይቱ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ በግልጽ ተቃውመዋል፣ ጦር ይዘው ዓድዋ ዘምተዋል፣ ቁስለኛ አስታመዋል፣ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1907 ሆቴል ከፍተዋል። ለጣይቱ ግብር ማብላትና ቁስለኛ ማስታመም የመንግሥት ሥራ ነው፤ ከፖለቲካው ለይተው አላዩትም። የመነን ዘመን ግን ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ባል ይገዛል፣ ሚስት ትቸራለች። ዛሬ ቀዳማዊት እመቤት የምንለው ቦታ አገራችን ውስጥ ቅርጹን ያገኘው ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባላቸው ጋር በአንድ ቀን ዘውድ ደፉ። ከዚያ በፊት የነበሩት እቴጌዎች ዘውድ የሚደፉት ንጉሡ ከነገሠ በኋላ በሌላ ቀን ነበርና ይህ አዲስ ነገር ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ላይ ተከፈተ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጃገረዶች በአዳሪነት፣ የከተማዎቹ በተመላላሽነት ይማሩበት ጀመር። እቴጌዪቱ ደጋግመው ይጎበኙት፣ ምረቃውን ይመሩ ነበር።

ገንዘቡ ከየትኛው ሣጥን ወጣ ብሎ ዛሬ መጠየቅ ይቻላል፤ በዚያ ዘመን ግን የእቴጌዪቱ ሣጥንና የመንግሥት ግምጃ ቤት መካከላቸው አጥር አልነበረም። መሬቱም፣ የቤት ኪራዩም፣ ግብሩም ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ነው። ለጋስነታቸውን ለማሳነስ አላነሣሁትም። ስጦታው የገበሬው ላብ ያለበት እንደነበር ሳይታወስ መመስገን ስለሌለበት ነው እንጂ።

ትምህርት ቤቱን ከሌላው ምጽዋት የሚለየው ሰው ማፍራቱ ነው። ከነጻነት በኋላ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ መሩት። የከንቲባ ገብሩ ልጅ፣ ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በወረራው ዘመን ከአርበኞቹ ጋር የነበሩ፣ ጣልያን ማርኮ ያጋዛቸው ሴት። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነው ተመረጡ። እንግዲህ እዩት፤ ፖለቲካውን ለባል ትተው ለበጎ አድራጎት የቆሙት እቴጌ የከፈቱት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ፓርላማ ገቡ። ይህንን እቴጌዪቱ አቅደውት ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ትምህርት ቤት ግን እንዲህ ነው፣ ከሰጪው ሐሳብ ያመልጣል። እንጀራ የሰጡት ሰው ጠግቦ ይመርቃል፤ ፊደል የሰጡት ሰው ደግሞ አንድ ቀን መጥቶ ይጠይቃል።

የጣልያን ወረራ ሲቃረብ ሌላ መልክ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1935 የሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ፤ የበላይ ጠባቂዋ እቴጌዪቱ ነበሩ፣ ልዕልት ፀሐይም ከፊት ተሰለፈች፣ የእንግሊዙ ሚኒስትር ሚስት ሌዲ ባርተንም ነበሩበት። ለዘማች ፋሻ ማዘጋጀት፣ ልብስ መስፋት፣ ለቁስለኛ ገንዘብ ማሰባሰብ። ቅሬ የለመደች ሴት ይህን ስትሰማ አይገርማትም፤ የሟች ቤት ወደ አገር አድጎ ነው እንጂ ሥራው ያው ነው።

ከዚያ ስደት መጣ። ከሁሉ የሚነካኝ ክፍል ይህ ነው። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አገር ለቀው ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ቤተልሔም ሄደው ተሳሉ፤ ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች ዘውዳቸውን ለጌታ ልደት ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ። ባዝ ከተማ ውስጥ በፌርፊልድ ቤት ከባላቸው ጋር ተቀመጡ፤ የእንግሊዝ ብርድ አልስማማ ሲላቸው ክረምቱን ኢየሩሳሌም ያሳልፉ ነበር። አገር ነጻ ወጣች። ስለታቸውን አልረሱም። በ1923 የደፉት ዘውድ ወደ ቤተልሔም ሄደ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ዘውድ ደፍተው አልታዩም፤ በ1948ቱ የብር ኢዮቤልዩ እንኳ በራሳቸው ላይ የነበረው ዘውድ ሳይሆን ቀለል ያለ የራስ ጌጥ ነው።

ስለት ወሎ ውስጥ ቀልድ አይደለም። መርሳ አባ ጌትዬ ብሎ የተሳለ ሰው በግ ቢሳል በግ፣ ጃኖ ቢሳል ጃኖ ይዞ ካልመጣ እንቅልፍ የለውም። እቴጌዪቱም በዚያ ባህል ያደጉ ናቸውና ዘውድ ሲሰጡ የሰጡት የራሳቸውን ነው፣ ለዚያውም የሚያስከብራቸውን። ከስጦታዎቻቸው ሁሉ የራሳቸውን ክብር የከፈሉበት የሚመስለኝ ይሄኛው ነው። የሚገርመው ግን ለድኻ የሚተርፍ ምንም የሌለበትም እሱ ነው።

ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምራ ነበር። ተመልሳ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ሞተች። መታሰቢያ እንዲሆናት በስሟ ሆስፒታል ተሠራ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው። በወሊድ የሞተች የነርስ ስም ተፍቆ የሠራዊት ስም መጻፉን የሚያውቅ ታካሚ ስንት ይሆን? ሆስፒታሉ ግን ቆሟል፣ ያክማል። የባዙ ፌርፊልድ ቤትም እንዲሁ፤ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1958 ለከተማዋ አበርክተውት ለአረጋውያን መገልገያ ሆነ።

እቴጌዪቱ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አረፉ። የቀይ መስቀል የበላይ ጠባቂ ነበሩ፣ ድኾችንና ሕሙማንን ይረዱ ነበር፣ እንጦጦ ላይ ቅዱስ ራጉኤልንና ኪዳነ ምሕረትን፣ በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር የሥላሴ ገዳምን አሠርተዋል ወይም አሳድሰዋል፤ ለአክሱም ጽዮን አዲሱ ሕንጻም ከገንዘባቸው ሰጥተው ሳይመረቅ ሞቱ። ዝርዝሩ ረጅም ነው። በካርታ ላይ ብናስቀምጠው ግን እንጦጦ፣ ስድስት ኪሎ፣ አክሱም፣ ዮርዳኖስ ነው። በትልልቆቹ ሥራዎች ካርታ ላይ አምባሰል አትታይም፣ ሀብሩም፣ ራያም።

ካረፉ በአራት ዓመት ገደማ ወሎ በ1958 ዓ.ም. ተራበ። ሰባት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ያ ትልቁ መጣ። ጠቅላይ ግዛቱን ለብዙ ዘመን በስም ያስተዳድሩ የነበሩት ከንጉሡ የወለዱት የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸው፣ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ናቸው፤ በ1965 ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ ሲሄዱ ሰው በመንገድ ዳር ይወድቅ ጀምሮ ነበር። ቆቦ፣ ወልዲያ፣ መርሳ፣ ኮረም፤ አስፋልቱን ተከትሎ የተሰለፈውን ሕዝብ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች አይተው ፎቶግራፉን አዲስ አበባ ላይ አሳዩት። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። ቀጣዩን ሁሉም ያውቀዋል።

እቴጌዋ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ያዝኑ ነበር፣ ይሰጡ ነበር። እኔ አልጠራጠርም። ግን ስንት ያድኑ ነበር? የሴት እጅ ምን ያህል ይዘረጋል? ያ ትልቁ ረኃብ ለጋስ ስለጠፋ አልመጣም፤ እህል ከዚያው ከወሎ ገበያ እየተጫነ ሲወጣ ነበር። የጠፋው የሚናገር ጋዜጣ፣ የሚጠየቅ ገዥ፣ ከጭሰኛው ላይ የሚነሣ ግብር ነው። በጎ አድራጎት የሚያመው ቦታ እዚህ ነው። ቸር ሚስት ያለው መንግሥት ቸር ይመስላል፤ መንግሥት ግን በሕጉና በግብሩ እንጂ በሚስቱ አይለካም።

አብዮቱ ስሞችን ጠራረገ። ስድስት ኪሎ ያለው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የካቲት 12 ተባለ። ወላጆቻችን በየካቲት 12 ተምረን ሲሉ ሰምተን አድገናል፤ በቅርብ ዓመታት ነው የመነን ስም ለልጃገረዶች ትምህርት ቤትነቱ የተመለሰለት። ደሴ ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በእናታቸው ስም የሚጠራው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ስሙን ይዞ ቀረ። እነ ዋለልኝ መኰንን የተማሩበት ነው፤ ዘውዱን ለመጣል ከተነሡት ስንቶቹ ከዚያ ግቢ ወጥተዋል! ዛሬም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ወይዘሮ ስኂን ይባላል። የልጅቱ ስም ሲፋቅ የእናቲቱ ለምን ቀረ? የእኔ ግምት ይህ ነው፤ ስኂን ለደሴ ሰው የቤተ መንግሥት ስም ሳይሆን የትምህርት ቤት ስም ሆኖ ነበር። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ሻይ ቤቱ፣ ጋሪ ነጂው ሁሉ ስኂን ሲል የሚታየው ደወሉና ሜዳው ነው። ስሙን ሕዝብ ወስዶታልና ካድሬ ሊቀማው አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን መሪዎች ሚስቶች በአጭሩ ልለፍ። የኮሎኔል መንግሥቱ ባለቤት ወይዘሮ ውባንቺ ቢሻው በአደባባይ እምብዛም አልታዩም፤ ያ ዘመን ሚስትን ሳይሆን ማኅበርን ነበር የሚያሰልፈው። ከዚያ ወዲህ ኤች አይ ቪ መጥቶ የአፍሪካ መሪዎችን ሚስቶች አንድ ላይ ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ2002 የአፍሪካ ቀዳማዊት እመቤቶች ድርጅት ተመሠረተ፣ ጽሕፈት ቤቱም አዲስ አበባ ሆነ። ከጠቅላይ ሚኒስትሮቻችን ባለቤቶች ወይዘሮ አዜብ መስፍን በፕሬዚዳንትነት መርተውታል፤ ወይዘሮ ሮማን ተስፋዬም ሠርተውበታል። ወይዘሮ ሮማን በተለይ የማሕፀን በርና የጡት ካንሰርን ጉዳይ አደባባይ አወጡት፤ አንዲት የገጠር ሴት በአፏ ለመጥራት የምታፍረውን በሽታ የቤተ መንግሥት ሴት በማይክሮፎን ስትጠራው ዋጋ አለው። ወይዘሮ ዝናሽ ታያቸው ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ። የእርሳቸው ጽሕፈት ቤት በየገጠሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እያስገነባ ለየአካባቢው አስረክቧል፣ የዳቦ ፋብሪካም አቋቁሟል። ከመነን በኋላ በትምህርት ላይ እንዲህ የተጠመደች የመሪ ሚስት አላየንም።

ይህ የሚመሰገን ነው፤ ሳመሰግን ግን የናይጄሪያን ታሪክ አስታውሳለሁ። የጄኔራል ባባንጊዳ ሚስት ማርያም ባባንጊዳ እ.ኤ.አ. በ1987 ለገጠር ሴቶች የተሻለ ኑሮ የሚል ትልቅ ዘመቻ ጀመሩ። እርሻ፣ ብድር፣ እደ ጥበብ ሁሉ ነበረበት። ባባንጊዳ ከሥልጣን ሲወርዱ የጄኔራል አባቻ ሚስት፣ እርሳቸውም ማርያም፣ ያንን ትተው የቤተሰብ ድጋፍ የሚል የራሳቸውን ጀመሩ። ባል ሲቀየር መርሐ ግብሩ ተቀየረ፤ የገጠሯ ሴት ግን ያችው ናት። ናይጄሪያዊቷ ምሁር አሚና ማማ ይህንን በባል ሥልጣን ላይ የቆመ የሴቶች አመራር ብላ በ1990ዎቹ አጥብቃ ተቸችው። የሴቶች ጥያቄ ለመሪው ሚስት ተሰጥቶ ለሴቶች ራሳቸው ሳይሰጥ ቀረ ነው የምትለው።

የኛ ሕገ መንግሥት ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚስት አንድ ቃል አይልም። አንድ ሲቪል ማኅበር በ1113/2011 አዋጅ መሠረት በየዓመቱ የሥራና የኦዲት ሪፖርት ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያቀርባል፤ ዘግይቶ ከሆነ ይጠየቃል። የመሪ ሚስት ስጦታ ላይም ያው ሕግ ቢሠራ፣ ከየት መጣ፣ ስንት ሆነ፣ ለማን ተላለፈ የሚለው በይፋ ቢነገር ማንም አይጎዳም፤ ስጦታው ራሱ ነው የሚከበረው። ቅሬ እንኳ በወር አንድ ጊዜ ሒሳቡን ጮክ ብሎ ያነባል።

ነገሩ ከሰነድ ይልቅ ሐራ ላይ ቆሞ ማየት ይቀላል። ከወልዲያ ወደ ጭፍራ በሚወርደው መንገድ ሐራ ስትደርሱ፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል የመጣው የባቡር መሥመር መጨረሻ ሐራ ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረ፣ የቱርክ ኩባንያ የገነባው፣ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን። በልጅነታችን ባቡር ማለት ድሬዳዋ ነበር፤ እዚህ ድረስ ይመጣል ሲባል ሰው ለሱቅ የሚሆን መሬት ጠየቀ። ሐዲዱ ተዘርግቶ ባቡሩ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። ኤሌክትሪክ ተጠበቀ፣ ገንዘብ ተጠበቀ፣ በመሃል ጦርነት መጣ። የተሠራና የሚሠራ ነገር አንድ እንዳልሆኑ የሐራ ልጅ ከማንም በላይ ያውቃል።

ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነው። ግድግዳው የሚመረቀው አንድ ቀን ነው፤ መምህሩ የሚከፈለው ግን በየወሩ ነው። የላቦራቶሪው ኬሚካል ያልቃል፣ የመጸዳጃው በር ይሰበራል፣ ልጅቷ የወር አበባዋ ሲመጣ ውኃ ከሌለ ቤቷ ትቀራለች። በክልላችን በአማራ ካለፉት ዓመታት ጦርነትና ግጭት የተነሣ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል ወይም ተጎድተዋል። አሁን የትኛውም ቀዳማዊት እመቤት አዲስ ሕንጻ ልሥራ ብትለን፣ ቀድሞ የተሠራውን ማን ይክፈተው ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ይኸው ነገር መጠለያ ውስጥም ይታያል፤ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ የጃራ መጠለያ ጣቢያ አለ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኖረውበታል። ሰው እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሸራው ነው፤ ከዚያ ስለ ስንዴው፣ ከዚያ ስለ ልጁ ትምህርት። ትልቅ ሰው መጥቶ ሲጎበኝ ይሰለፋል፣ ሲሄድ ይበተናል። የአካባቢው ሴቶች ግን ያልተጠሩበት ቦታ አይቀሩም፤ ሸራው ሥር ሰው ሲሞት ለቀስተኛ ያስፈልጋል፣ ለቀስተኛም ቡና ያስፈልገዋል።

እናቴ በቅሬ ለአርባ ዓመት ከትፋለች። አንድ ጊዜ አንዲት የሹም ባለቤት ሐዘን ቤት ትልቅ አዲስ ድስት ገዝታ ይዛ መጣች፤ ከነክዳኑ የሚያብረቀርቅ። ሴቶቹ አመስግነው ተቀበሉ። ከሐዘኑ በኋላ ስሟ ይጻፍበት አለች አንዷ፣ ለማስደሰት። የቅሬው ዳኛ ቀይ ቀለሙንና ብሩሹን አምጥቶ የሰፈሩን ስም ጻፈበት። ሴትየዋ አልተቀየመችም፣ ወይም ተቀይማ እንደሆነ አላሳየችም። ባሏ በሚቀጥለው ዓመት ተዛውሮ ቤተሰቡ ሄደ። ድስቱ አሁንም አለ፤ ጎኑ ጠቁሯል፣ አንድ ጆሮው ተበጥሶ በሽቦ ታስሯል። ባለፈው ፋሲካ ሄጄ አንድ ለቅሶ ላይ አየሁት። ማታ ዕቃ ሲቆጠር ክዳኑ ጎደለ። እናቴ ጋኖቹን አገላበጠች፣ ሌሎቹ በየጓዳው ፈለጉ፣ አንድ ልጅ ውሻ ቤት ድረስ ሄደ። ክዳኑ ከሰፌዱ ሥር ተገኝቶ፣ ጸሐፊው ምልክት አድርጎ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከተቆለፈ በኋላ ነው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደየቤታቸው የሄዱት።